የቫሌንሲያ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ሕዝብ፡ ማን ይቆጠራል? ማንስ ይቀራል?

የአትሌቲክስ ተከታታዮች ቫሌንሲያን የሚያውቋት በሩጫ ነው። ለተሰንበት ግደይ በ2020 የ5 ሺህ ሜትር፣ በ2021 ደግሞ የግማሽ ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው በዚህች የስፔን ከተማ ነበር። በማራቶንም በ2022 አማኔ በሪሶ፣ በ2023 ደግሞ ሲሳይ ለማ አሸንፈውባታል። ሯጮቹ በሚያልፉባቸው ጎዳናዎች ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ ግን ከ25 ዓመት በፊት የነበረው አይደለም። ቫሌንሲያም ሆነች የሜዲትራኒያንን ዳርቻ የሚጋሯት ከተሞች ነዋሪያቸው ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ፣ ቁጥሩም አንድ ጊዜ አሻቅቦ ሌላ ጊዜ የሚያሽቆለቁል ሆነዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእነዚህን ከተሞች የሕዝብ ቁጥር ለማንበብ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በስፔን የአንድ ከተማ ሕዝብ ሲባል በከተማዋ የሚያድረው ሰው ብዛት ሳይሆን በማዘጋጃ ቤቷ መዝገብ ስሙ የሰፈረው ሰው ብዛት ማለት ነው። ሁለቱ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ይቀራረባሉ። በቫሌንሲያ የባሕር ዳርቻ ግን ልዩነታቸው የአንድ መካከለኛ ከተማን ያህል ሊሰፋ ይችላል። ይህም የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የበጀት፣ የምርጫና የሕክምና፣ አንዳንዴም የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

አጠቃላይ ገጽታ

የቫሌንሲያ ራስ ገዝ ክልል በምሥራቅ ስፔን ከሰሜን ወደ ደቡብ ባሕሩን ተከትሎ የተዘረጋ ሲሆን ስፋቱ 23,255 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። በሰሜን ካስቴዮን፣ በመሀል ቫሌንሲያ፣ በደቡብ አሊካንቴ የሚባሉ ሦስት ክፍለ ሀገሮች ያሉት ሲሆን በሥራቸው 542 ማዘጋጃ ቤቶች ይገኛሉ። የሥራ ቋንቋዎቹ ቫሌንሲያኛና ስፓኒሽ ናቸው። በሕዝብ ብዛት ከአንዳሉሲያ፣ ከካታሎኒያና ከማድሪድ ቀጥሎ በስፔን አራተኛውን ደረጃ ይዟል።

በ2001 በተካሄደው ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 4,162,776 ነበር። በ2011ዱ ቆጠራ 5,009,931 ደረሰ። በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 850 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተጨመረ ማለት ነው። በ2024 ደግሞ ቁጥሩ ከ5.3 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ከዚህ ውስጥ ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚሆነው በቫሌንሲያ ክፍለ ሀገር፣ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋው በአሊካንቴ፣ 600 ሺህ ያህሉ ደግሞ በካስቴዮን ይኖራል።

ሕዝቡ በክልሉ እኩል አልሰፈረም። አብዛኛው የሚኖረው ከባሕሩ አጠገብ ባለው ጠባብ ሜዳ ላይ ሲሆን ወደ ምዕራብ ተራራው ከፍ እያለ ሲሄድ መንደሮቹም ባዶ እየሆኑ ይሄዳሉ። በካስቴዮን ተራሮች የምትገኘው ካስቴል ደ ካብሬስ የተመዘገበ ነዋሪዋ ከ30 አይበልጥም። የራሷ ከንቲባ ግን አላት። በአንጻሩ 135 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው የቫሌንሲያ ከተማ ክልል በእያንዳንዱ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 6 ሺህ ያህል ሰው ይኖራል።

መዝገቡ እንዴት ይሠራል?

በስፔን የነዋሪዎች መዝገብ ፓድሮን ይባላል። መዝገቡ የእኛን አገር የቀበሌ መዝገብ ያስታውሳል። በ1985 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ በስፔን የሚኖር ማንኛውም ሰው በሚኖርበት ማዘጋጃ ቤት እንዲመዘገብ ያስገድዳል። በሁለት ከተሞች ቤት ያለው ሰው ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ በሚያሳልፍበት ይመዘገባል። የብሔራዊ ስታቲስቲክስ ተቋሙ የማዘጋጃ ቤቶቹን መዝገቦች አስተያይቶ በየዓመቱ በጃንዋሪ 1 የነበረውን ቁጥር ሲያጠናቅቅ፣ መንግሥት በድንጋጌ ያጸድቀዋል። ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር ሕጋዊ የሕዝብ ብዛት ይሆናል።

የቤት ለቤት ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ በሙሉ መልኩ የተካሄደው በ2001 ነው። የ2011ዱ ከመዝገቦች በተጨማሪ በናሙና ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የ2021ዱ ደግሞ በር ሳይንኳኳ ከመንግሥት መዝገቦች ብቻ የተቀናበረ ነው። በመሆኑም የመዝገቡ ክብደት ከበፊቱም ጨምሯል።

የመዝገቡ ልዩ ባሕርይ ስለ መኖሪያ ፈቃድ አለመጠየቁ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የሚያጣራው ሰውዬው ማን እንደሆነና በተባለው ቤት መኖሩን እንጂ በሕጋዊ መንገድ ወደ አገሪቱ መግባት አለመግባቱን አይደለም። በ2000 ሥራ ላይ የዋለው የውጭ ዜጎች ሕግ ደግሞ በመዝገቡ ለሰፈረ የውጭ ዜጋ ሁሉ ከስፔናውያን እኩል የሕክምና አገልግሎት ፈቀደ። ይህ መብት በ2012፣ በኢኮኖሚው ቀውስ ወቅት፣ ፈቃድ ለሌላቸው ሰዎች ተቋርጦ በ2018 ተመልሷል። ከዚህ በተጨማሪ ፈቃድ የሌለው ሰው በአገሪቱ ለተወሰኑ ዓመታት መኖሩን አስመስክሮ መኖሪያ ፈቃድ ሲጠይቅ ዋናው ማስረጃው ይኸው የምዝገባ ወረቀት ነው። የሚፈለገው ጊዜ ለረጅም ዘመን 3 ዓመት ሆኖ ቆይቶ ከሜይ 2025 ጀምሮ ወደ 2 ዓመት ዝቅ ብሏል።

እንዲህ ከሆነ አንድ ድሃ ስደተኛ ለመመዝገብ ቢሯሯጥ አያስገርምም። ችግሩ ቤቱ ነው። ያለ ውል አንዲት ክፍል የተከራየ ሰው፣ አከራዩ ግብር እንዳይመጣበት በመስጋት በአድራሻው እንዲመዘገብ አይፈቅድለትም። ሕጉ ቤት አልባ ሰው ሳይቀር እንዲመዘገብ የሚያዝ ቢሆንም፣ ወረቀት ማቅረብ ያቃተው ሰው አድራሻ በገንዘብ ሲገዛ ይታያል። በዚህም ምክንያት በመዝገቡ ላይ በአንድ አነስተኛ አፓርታማ ሊኖሩ ከሚችሉት በላይ ሰዎች ሰፍረው የሚገኙበት አጋጣሚ አለ።

ሌላውም ጽንፍ አለ። ባሕር ዳር ቤት የገዛ ከሰሜን አውሮፓ የመጣ ጡረተኛ ያለ ምዝገባም መኖር ስለሚችል፣ በስፔን የግብር ከፋዮች ዝርዝር ውስጥ መግባትን ወይም በአገሩ ያለውን ጥቅም ማጣትን ፈርቶ ለዓመታት ሳይመዘገብ ይቀራል። በዚህ ዓይነት መዝገቡ አንዱን ያጎላል፣ ሌላውን ይሸፍናል።

የቀድሞው ታሪክ

በዚህ ምድር የሕዝብ መምጣትና መሄድ አዲስ ነገር አይደለም። በሴፕቴምበር 1609 የስፔን ንጉሥ ሣልሳዊ ፊሊፔ፣ ሞሪስኮ የሚባሉት ከእስልምና ወደ ክርስትና የተቀየሩ ሰዎች ዘሮች ከቫሌንሲያ መንግሥት እንዲባረሩ አዘዘ። ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመርከብ ተጭኖ ወደ ሰሜን አፍሪካ ተጋዘ። ብዙ መንደሮች ወና ቀሩ፣ እርሻውም ጾም አደረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ድርቅና ሥራ ማጣት ያስመረራቸው የአሊካንቴ ገበሬዎች በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ወደነበረችው አልጄሪያ፣ በተለይም ወደ ኦራን ተሰደዱ። አልጄሪያ በ1962 ነፃ ስትወጣ ከእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ብዙዎቹ ወደ አሊካንቴ ተመልሰው ሰፈሩ።

ክልሉ ከሰው ሰጪነት ወደ ሰው ተቀባይነት የተለወጠው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። የኤልቼ የጫማ ፋብሪካዎች፣ የካስቴዮን የሴራሚክ ምድጃዎች፣ የሳጉንቶ የብረታ ብረት ፋብሪካ፣ ኋላም በ1976 በአልሙሳፌስ ሥራ የጀመረው የፎርድ የመኪና ፋብሪካ ከአንዳሉሲያ፣ ከላ ማንቻና ከሙርሲያ ገጠሮች ብዙ ሠራተኞችን ሳቡ። በቫሌንሲያ ዙሪያ ያሉት የእርሻ መንደሮች በአንድ ትውልድ ዕድሜ ወደ ሠራተኛ ሰፈርነት ተለወጡ።

ዋና ዋናዎቹ ከተሞች

ቫሌንሲያ። የክልሉ መዲና ስትሆን ከማድሪድና ከባርሴሎና ቀጥሎ የስፔን ሦስተኛ ከተማ ናት። በ1900 ነዋሪዎቿ 213 ሺህ ያህል ነበሩ። በ1991 ቁጥሩ 753 ሺህ ገደማ ከደረሰ በኋላ፣ ወጣት ባለትዳሮች ርካሽ ቤት ፍለጋ ወደ ቶሬንትና ፓቴርና መውጣት በመጀመራቸው በ2001 ወደ 738 ሺህ ወረደ። ከዚያም ከኢኳዶር፣ ከኮሎምቢያ፣ ከቦሊቪያና ከሮማኒያ በመጡ ሰዎች ብዛት በ2009 ከ814 ሺህ በላይ ሆነ። የኢኮኖሚው ቀውስ ብዙዎቹን ሲመልስ በ2015 ወደ 786 ሺህ ዝቅ ብሎ፣ በ2024 ከ820 ሺህ በላይ ደርሷል። በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች ሲደመሩ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባታል።

አሊካንቴ። የደቡቡ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማና ወደብ ስትሆን በ2001 ከነበረው 285 ሺህ ገደማ ተነስታ በአሁኑ ወቅት ወደ 360 ሺህ ተጠግታለች። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር መንግሥት ለስደተኞች ከከፈታቸው አራት የመቀበያ ማዕከሎች አንዱ የተቋቋመው በዚህችው ከተማ፣ ቀድሞ የፊልም ስቱዲዮ በነበረ ግቢ ውስጥ ነው።

ኤልቼ። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በ2000 በተመዘገበው የተምር ዛፍ ደኗና በጫማ ኢንዱስትሪዋ ትታወቃለች። በ2001 ወደ 195 ሺህ የነበረው ሕዝቧ አሁን ከ240 ሺህ በላይ ነው። ለውጡ ሁልጊዜ በሰላም አላለፈም። በሴፕቴምበር 2004 ከቻይና የሚመጣው ርካሽ ጫማ ሥራችንን ነጠቀን ያሉ ሰልፈኞች የቻይናውያንን የጫማ መጋዘኖች አቃጥለዋል።

ካስቴዮን ደ ላ ፕላና። በ2001 ወደ 148 ሺህ የነበረው ነዋሪ በ2011 ወደ 180 ሺህ አደገ። ለዕድገቱ ዋናው ምክንያት በሴራሚክ ፋብሪካዎች፣ በግንባታና በብርቱካን እርሻ ለመሥራት የመጡት ሮማኒያውያን ነበሩ። የቤት ግንባታው ሲቆም ቁጥሩ ወደ 170 ሺህ ወርዶ ከዚያ ወዲህ ወደ ቀድሞው ቦታ ተመልሷል።

ቤኒዶርም። በ1950 ከ3 ሺህ የማይበልጡ ዓሣ አስጋሪዎች የሚኖሩባት መንደር ነበረች። በ1956 የወጣው የከተማ ፕላን ቤቶቹ ወደ ጎን ከሚሰፉ ወደ ላይ እንዲያድጉ ፈቀደ። ዛሬ 186 ሜትር ከፍታ ያለውን የባሊ ሆቴል ጨምሮ በሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ተሞልታለች። የተመዘገቡት ነዋሪዎቿ ወደ 75 ሺህ ይጠጋሉ። በነሐሴ ሙቀት የሚያድርባት ሰው ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው።

ቶሬቪዬሃ። የጨው ማምረቻ የነበረችው ይህች ከተማ የክልሉን ታሪክ በአጭሩ ታሳያለች። በ1991 ወደ 25 ሺህ፣ በ2001 ወደ 51 ሺህ፣ ከ2008 ወዲህ ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ ተመዝጋቢ ነበራት። ከዚያ በ2014 ወደ 91 ሺህ፣ በ2016 ወደ 84 ሺህ ወረደች። ይህን ያህል ሕዝብ በጦርነት ወይም በወረርሽኝ አልጠፋም። ከፊሉ በእርግጥ ወደ አገሩ ተመልሷል። ትልቁ ቅናሽ ግን የመጣው ከዓመታት በፊት የሄዱ፣ ነገር ግን ስማቸው ሳይሰረዝ የቆየ የውጭ ዜጎች ከመዝገቡ ሲወጡ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተለይ በዩክሬናውያን መምጣት ቁጥሩ እንደገና ከ90 ሺህ በላይ ሆኗል።

ሌሎች። የጥንቷ ሳጉንቶ ትልቁ የብረት ምድጃዋ በ1984 ከተዘጋ በኋላ አገግማ 70 ሺህ ያህል ነዋሪ አላት። ቶሬንት ከ85 ሺህ በላይ፣ ጋንዲያ ወደ 80 ሺህ ሕዝብ ይዘዋል። ከባሕሩ ራቅ ብላ በተራሮች መካከል የምትገኘው የጨርቃ ጨርቅ ከተማ አልኮይ ግን በ1981 ከነበሯት 66 ሺህ ያህል ነዋሪዎች ወደ 60 ሺህ ወርዳለች። ባሕሩ የሚስበውን ያህል ተራራው አይስብም።

የመጡት እነማን ናቸው?

በመላው ስፔን በ1998 የተመዘገቡት የውጭ ዜጎች 640 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ። በ2010 ቁጥሩ 5.7 ሚሊዮን ደረሰ። በ2005 መንግሥት ፈቃድ የሌላቸው ሠራተኞች ሕጋዊ እንዲሆኑ ለሦስት ወር በሩን ሲከፍት ወደ 690 ሺህ የሚሆኑ ማመልከቻዎች ቀርበዋል። የቫሌንሲያ ክልል ከዚህ ማዕበል ትልቅ ድርሻ አግኝቷል።

በክልሉ ሁለት ዓይነት የውጭ ዜጎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። የመጀመሪያዎቹ እንጀራ ፍለጋ የመጡት ሞሮኮዎች፣ ሮማኒያውያን፣ ኮሎምቢያውያንና ኢኳዶራውያን ናቸው። በአብዛኛው ወጣቶች ሲሆኑ በግንባታ፣ በእርሻ፣ በሆቴልና አረጋውያንን በመንከባከብ ይሠራሉ። ሁለተኞቹ ፀሐይ ፍለጋ የመጡት እንግሊዞች፣ ጀርመኖች፣ ኖርዌያውያንና ቤልጅየማውያን ጡረተኞች ናቸው። በአሊካንቴ ክፍለ ሀገር ባሉት በሳን ፉልሄንሲዮና በሮሃሌስ ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የውጭ ዜጋ ሲሆን ብዙዎቹ እንግሊዞች ናቸው። አልፋስ ዴል ፒ የምትባለው አነስተኛ ከተማ ደግሞ ከኖርዌይ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኖርዌያውያን መኖሪያዎች አንዷ ናት።

በስታቲስቲክስ ረገድ አንድ መጠንቀቅ የሚገባ ነገር አለ። ከላቲን አሜሪካ የመጣ ሰው ከሁለት ዓመት ሕጋዊ ኑሮ በኋላ የስፔን ዜግነት መጠየቅ ይችላል። ከሞሮኮ፣ ከዩክሬን ወይም ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ግን በመደበኛው መንገድ 10 ዓመት መጠበቅ አለበት። በዚህም ምክንያት የውጭ ዜጋ ቁጥር ቀነሰ ሲባል ሰዎቹ ሄዱ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ስፔናዊ ሆነው ይሆናል። ስለዚህ በውጭ አገር የተወለዱት ሰዎች ቁጥር ከውጭ ዜጎች ቁጥር ይልቅ እውነቱን የበለጠ ያሳያል።

ቁጥሩ ገንዘብና ድምፅ ሲሆን

ማዘጋጃ ቤቶች ለመዝገባቸው የሚጨነቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ክልሉና ክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ያልሆኑና ከ75 ሺህ በታች ሕዝብ ያላቸው ማዘጋጃ ቤቶች ከማዕከላዊ መንግሥት ለሚያገኙት ገንዘብ ዋናው መስፈርት የተመዝጋቢው ብዛት ነው። በቀመሩ መሠረት እስከ 5 ሺህ ሕዝብ ባለበት ቦታ እያንዳንዱ ሰው እንደ 1 ይቆጠራል። ከ5 ሺህ በላይ 1.17፣ ከ20 ሺህ በላይ 1.30፣ ከ50 ሺህ በላይ ደግሞ 1.40 ይሆናል። በሌላ አነጋገር አንድ መንደር 5 ሺህ ላይ ሆኖ አንድ ሰው ቢጨመርለት የሁሉም ነዋሪዎች ዋጋ በ17 በመቶ ያድጋል። 75 ሺህ የሞላ ከተማ ደግሞ ከተወሰኑ የመንግሥት ግብሮች ላይ ቀጥተኛ ድርሻ ያገኛል።

ግዴታውም አብሮ ይጨምራል። ከ5 ሺህ በላይ ሕዝብ ያለው ማዘጋጃ ቤት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና መናፈሻ፣ ከ20 ሺህ በላይ ያለው የእሳት አደጋ መከላከያ፣ ከ50 ሺህ በላይ ያለው የከተማ አውቶቡስ ማቅረብ አለበት። የምክር ቤት መቀመጫም እንዲሁ ነው። ከ50 ሺህ በላይ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ ያለው ከተማ 25 ተመራጮች ሲኖሩት ቫሌንሲያ 33 አላት።

ችግሩ ያለው ሳይመዘገብ በሚኖረው ሰው ላይ ነው። ያልተመዘገበ ጡረተኛ ቆሻሻው ይነሳለታል፣ መንገዱ ይበራለታል፣ ፖሊስ ሲጠራ ይመጣለታል። ከመንግሥት የሚመጣው ገንዘብ ግን እርሱን አይቆጥርም። በዚህ የተነሳ የመዝናኛ ከተሞች አስተዳደሮች በበጋ ያለውን እውነተኛ ሕዝብ የሚገምቱት በሚነሳው የቆሻሻ ክብደትና በሚፈጀው ውሃ መጠን ነው። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ስትወስን ደግሞ ተደብቀው የኖሩ ብዙ እንግሊዞች መብታቸውን ለማስከበር ተሻምተው ተመዝግበዋል። ከ2021 ጀምሮ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው እንግሊዛዊ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቀመጥ አይችልምና።

በምርጫም በኩል ልዩነቱ ሰፊ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ከ1999 ጀምሮ በስፔን የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ይሳተፋሉ። ኖርዌያውያንና የተወሰኑ የላቲን አሜሪካ አገሮች ዜጎች በሁለትዮሽ ስምምነት፣ እንግሊዞችም በ2019 በተፈረመ ውል ይመርጣሉ። ሞሮኮዎች፣ ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን ግን እንዲህ ያለ ስምምነት ስለሌላቸው ለ20 ዓመት ቢኖሩም አይመርጡም። እንግዲህ ለበጀቱ እንደ ሙሉ ሰው የሚቆጠር፣ ለምክር ቤቱ መቀመጫ ብዛት የሚደመር፣ ድምፅ ግን የሌለው ሰፊ ሕዝብ አለ ማለት ነው።

እርጅናው

በስፔን አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች ቁጥር በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ 2.8 ገደማ ነበር። በ2023 ወደ 1.12 ወርዷል። አንድ ሕዝብ ሳይጨምር ሳይቀንስ ራሱን እንዲተካ የሚያስፈልገው 2.1 ነው። በአገሪቱ ከ2017 ወዲህ በየዓመቱ የሚሞተው ሰው ከሚወለደው ይበልጣል። የቫሌንሲያ ከተሞችም ከዚህ የተለዩ አይደሉም። አሁን የሚታየው ዕድገት ከውጭ በሚመጣው ሰው ላይ የቆመ ነው።

በደቡቡ ዳርቻ እርጅናው ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። የአገሬው ሰው ያረጃል፣ በላዩም ላይ ያረጀ ሰው ከውጭ ይመጣል። ከእንግሊዝ በጡረታ ለመጡት ብዙዎቹ የሕክምናቸውን ወጪ የእንግሊዝ መንግሥት ለስፔን ይከፍላል። ሆስፒታሉን፣ አልጋውንና ነርሷን ማዘጋጀት ያለበት ግን ክልሉ ነው። ከባልና ሚስት አንዱ ሲሞት የቀረው ቋንቋውን በማያውቀው አገር ብቻውን ይቀራል። ያን ጊዜ ደጋፊ የምትሆነው ብዙውን ጊዜ ከኮሎምቢያ ወይም ከሞሮኮ የመጣች ሴት ናት። ሁለቱ ዓይነት ስደተኞች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ጥቅምት 2024 ያሳየው

በኦክቶበር 29 ቀን 2024 ከተራራው በወረደ ድንገተኛ ጎርፍ በቫሌንሲያ ክፍለ ሀገር ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቫሌንሲያ ከተማ እምብርቷ ተርፏል። በ1957 በቱሪያ ወንዝ ጎርፍ ቢያንስ 81 ሰው ከሞተባት በኋላ ወንዙን ከከተማዋ በስተደቡብ በአዲስ ቦይ እንዲፈስ አድርጋለችና። የተመቱት ከቦይው ማዶ ያሉት ፓይፖርታ፣ ካታሮሃ፣ አልፋፋር፣ አልዳያና ሌሎች ከተሞች ናቸው። እነዚህ በ1960ዎቹና 1970ዎቹ ለሥራ በመጣው ሕዝብ በፍጥነት ያደጉ፣ ጎርፍ በሚሄድበት ሜዳ ላይ ቤት የተሠራባቸው ከተሞች ናቸው። 27 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ፓይፖርታ ከሁሉም የበለጠ ሰው አጥታለች። ወደ ሞባይል ስልኮች የተላከው ማስጠንቀቂያ የደረሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ11 ላይ ሲሆን በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው በውሃው ተወስዶ ነበር።

ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉ ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው ነበሩ። ብዙዎቹ የተገኙት በምድር ቤት፣ በጋራዥና ደረጃ ለመውጣት ባልቻሉበት ክፍል ነው። በዚህ ወቅት በየትኛው መንገድ፣ በስንተኛው ፎቅ ስንት አረጋውያን ብቻቸውን እንደሚኖሩ ማወቅ ከስታቲስቲክስ ሠንጠረዥ ያለፈ ትርጉም ነበረው። መዝገቡ ዕድሜና አድራሻን ይይዛል። ይሁን እንጂ መረጃው ሰው ለማዳን የሚጠቅመው አስቀድሞ ለዚያ ተብሎ ከተዘጋጀ ብቻ ነው። በመዝገቡ የሌለውን ሰው ደግሞ ማንም ስሙን ጠርቶ ሊፈልገው አይችልም።

ቁጥሮቹን ለሚያነብ

የእነዚህን ከተሞች የሕዝብ ቁጥር የሚያገኝ አንባቢ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያነሳ አይሳሳትም። የመጀመሪያው፣ ቁጥሩ የተገኘው ከፓድሮን ነው ወይስ ከቆጠራ? ሁለተኛው፣ የውጭ ሰው ሲባል በዜግነት ነው ወይስ በትውልድ ቦታ? ሦስተኛው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ የተንቀሳቀሰው ሰው ነው ወይስ ወረቀት? ቶሬቪዬሃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 20 ሺህ ያህል ሰው አጣች የሚል ዜና ያነበበ ሰው ባዶ ከተማ ሊታየው ይችላል፤ በባሕሩ ዳርቻ ግን ያን ጊዜም ወንበር ጠፍቶ ነበር።

ከዚህ ባሻገር ያለው እውነት አንድ ነው። የቫሌንሲያ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ያለ መጤው ያንሳሉ፣ ያረጃሉም። መጤውም ከተሞቹ ካልመዘገቡት ሐኪምም፣ መኖሪያ ፈቃድም፣ ማስረጃም የለውም። ለከተማው የበጀት ቁጥር የሆነው ያው መስመር፣ ለተመዝጋቢው እዚህ ነኝ ብሎ የሚያሳየው የመጀመሪያ ወረቀቱ ነው።